ቅርጽ አልባ ፕሮቲን ምንድን ነው?

ስለ ፕሮቲን ትምህርት ቤት የተማርነው ቀላል ነው። አሚኖ አሲዶች እንደ ዶቃ ተሰክተው ረጅም ክር ይሠራሉ። ክሩ ይተጣጠፍና አንድ ቁርጥ ያለ ቅርጽ ይይዛል። ፕሮቲኑ ምን እንደሚሠራ የሚወስነውም ይሄው ቅርጽ ነው። ኬሚስቱ ኤሚል ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1894 ኢንዛይምንና የሚሠራበትን ነገር በቁልፍና በጓጉንቸር መስሏቸው ነበር፤ ምሳሌው ከመቶ ዓመት በላይ ኖሯል።

ይሁንና የማይተጣጠፉ ፕሮቲኖች ሞልተዋል። አንዳንዶቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ልቅ ናቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ ከፊላቸው ብቻ። ክሩ አንዱን መልክ ለቅጽበት ይይዝና ወዲያው ይለቀዋል። ቅርጽ አልባ የምንላቸው እነዚህን ነው። ታመው ወይም ተበላሽተው አይደለም፤ ተፈጥሯቸው ነው።

ምክንያቱ ያለው ዶቃዎቹ ላይ ነው። ፕሮቲን የሚተጣጠፈው በዋናነት ውሃ የሚሸሹት አሚኖ አሲዶች መሃል ገብተው ስለሚደበቁ ነው። ቅርጽ አልባዎቹ እነዚህ ያንሷቸዋል። በምትኩ የኤሌክትሪክ ሙሌት ያላቸውና ውሃ የሚወዱ ይበዙባቸዋል።

ላብራቶሪ ውስጥ ይሄ በዓይን ይታያል። ከሴል የወጣውን ፈሳሽ በቱቦ አድርጋችሁ አፍሉት። አብዛኞቹ ፕሮቲኖች ቅርጻቸው ይፈርስና እርስ በርስ ተጣብቀው ነጭ ዝቃጭ ይሆናሉ። ታው የሚባለው ፕሮቲን ግን ፈሳሹ ውስጥ እንደሟሟ ይቀራል። የሚፈርስ ቅርጽ የለውማ! ተመራማሪዎች ታውን ከሌሎቹ ለመለየት በዚሁ ዘዴ ይጠቀማሉ።

ታዲያ ይሄን ያህል ጊዜ እንዴት ሳይታዩ ቀሩ? ፕሮቲን በኤክስሬይ የሚነሳው ክሪስታል ከሆነ በኋላ ነው። ለዚያ ደግሞ ሞለኪውሎቹ ሁሉ አንድ መልክ ይዘው መደርደር አለባቸው። የሚወዛወዘው ክፍል ምስሉ ላይ ባዶ ቦታ ሆኖ ይቀራል። ባዶውን ቦታ ብዙዎች ቁም ነገር የሌለው ብለው አለፉት። ተመራማሪዎቹ ፒተር ራይትና ጄን ዳይሰን እ.ኤ.አ. በ1999 ጉዳዩ እንደገና እንዲታሰብበት ጻፉ። ኒውክለስ ባላቸው ሴሎች ከፕሮቲኖቹ ሲሶ ያህሉ ከ30 አሚኖ አሲድ የሚረዝም ልቅ ክፍል እንዳላቸው ይገመታል። የፕሮቲንን ቅርጽ የሚተነብየውን የአልፋፎልድ ፕሮግራም ምስሎች ያየ ሰው ያውቃቸዋል፦ በሰማያዊው ቅርጽ ዙሪያ የተዝረከረኩት ብርቱካናማ ክሮች ብዙውን ጊዜ እነሱ ናቸው።

የልቅነቱን ጥቅም እንደ ፒ53 የሚያሳይ ያለ አይመስለኝም። ካንሰርን የሚከላከለው ይህ ፕሮቲን 393 አሚኖ አሲድ አለው። ዲኤንኤ የሚይዘው መሃሉ በወጉ የተጣጠፈ ነው፤ ሁለቱ ጫፎቹ ግን ልቅ ናቸው። የኋለኛው ጫፍ ከአንዱ አጋር ጋር ሲገናኝ እንደ ጥምዝ ሽቦ ይጠመዘዛል። ከሌላው ጋር ቀጥ ብሎ ይዘረጋል። ከሦስተኛው ጋር ሁለቱንም አይሆንም። ያው ክር፣ እንደ አጋሩ መልኩ ይለያያል። ቁርጥ ያለ ቅርጽ ቢኖረው ኖሮ ይሄን ሁሉ አያዳርስም ነበር። ክሩ ገላጣ ስለሆነም ሴሉ ፎስፌት እየለጠፈና እየነቀለ በቀላሉ ያዘዋል። ምልክት በማስተላለፍና ጂን በመቆጣጠር ሥራ ላይ እነዚህ ፕሮቲኖች የሚበዙት ለዚህ ነው።

አንዳንዶቹ ሲጣመሩም እንኳ አይተጣጠፉም። ፕሮቲሞሲን አልፋ የሚባለው ፕሮቲን የኤሌክትሪክ ሙሌቱ እጅግ ኔጌቲቭ ነው፤ ሂስቶን ኤች1 የሚባለው ደግሞ እጅግ ፖዘቲቭ። ሁለቱ በጣም አጥብቀው ይያያዛሉ፤ ግን ተያይዘውም ይወዛወዛሉ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲታተም ብዙ ሰው ማመን ከብዶት እንደነበር እገምታለሁ።

ልቅነት ጣጣም አለው። 140 አሚኖ አሲድ ያለው አልፋ ሳይኑክሊን እርስ በርስ ተጣብቆ ሲከማች ከፓርኪንሰን ጋር ይያያዛል፤ የታው ክምችት ደግሞ ከአልዛይመር ጋር።

መድኃኒት መሥራቱ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። መድኃኒት እንደ ልማዱ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ቦታ ይፈልጋል፤ ልቅ ክር ላይ ደግሞ የሚረጋ ጎድጓዳ የለም። ለፒ53 የተገኘው አንዱ ብልሃት አጋሩን ማነጣጠር ነው። ኤምዲኤም2 የሚባለው ፕሮቲን የፒ53ን የፊት ጫፍ ይይዝና እንዲወገድ ያደርገዋል። እሱ ቅርጽ አለው፤ ጎድጓዳም አለው። ኑትሊን የሚባሉት ሞለኪውሎች ያንን ጎድጓዳ ቀድመው ይይዙታል፣ ፒ53ም ያመልጣል።