ከአሮጌ ሳይክል ጋደም ብለው ሚነዱት ሳይክል መስራት፣ ባህርዳር ላይ

ጋደም ብለው ሚነዱት ሳይክል ማለት ኮርቻ ላይ ጎበጥ ብለህ ሳይሆን ጀርባህን መደገፊያ ላይ አሳርፈህ እግርህን ወደፊት ዘርግተህ ምትነዳው ነው፣ ፔዳሉ ከፊትህ ነው ያለው፣ ባለ ሁለት ጎማም ባለ ሶስት ጎማም ይሆናል። የፋብሪካው በጣም ውድ ስለሆነ በየሀገሩ ብዙ ሰው ሁለት ሶስት የተጣለ ሳይክል ቆራርጦ እየበየደ ራሱ ነው ሚሰራው። ባህርዳር ደሞ ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት ብዬ ነው ማምነው፣ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ህዝቡ ከልጅነቱ ሳይክል ያውቃል፣ የዛገ የፎኒክስ ሳይክል ቴላዮ (ዋናው የሳይክሉ ብረት) ማግኘት ከባድ አይደለም፣ በርና መስኮት ሚሰራ በያጅ ደሞ በየሰፈሩ አለ።

ሀሳቡ አዲስ አይደለም። ሻርል ሞሼ ሚባል ፈረንሳዊ መጀመሪያ ለልጁ ባለ አራት ጎማ በፔዳል ሚሄድ ነገር ሰራለት፣ ከዛ ቬሎካር ያለውን እያሻሻለ ወደ ባለ ሁለት ጎማ አመጣው፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 1933 ፓሪስ ላይ ፍራንሲስ ፎር ሚባል ተወዳዳሪ በዚሁ ሳይክል በአንድ ሰአት 45.055 ኪሎሜትር ሄደና ከ1914 ጀምሮ የቆየውን የኦስካር ኤግን የአንድ ሰአት ሪከርድ፣ 44.247 ኪሎሜትር፣ አለፈው። ፎር በዘመኑ ከትልልቆቹ ተወዳዳሪዎች ሚቆጠር አልነበረም፣ ስለዚ ጭቅጭቅ ተነሳ፣ በ1934 አለም አቀፉ የብስክሌት ማህበር ሳይክል ማለት ምን እንደሆነ አዲስ ደንብ አወጣና ይሄኛውን ከውድድር ውጪ አደረገው። በኔ አስተያየት ይሄ ውሳኔ ባይኖር ዛሬ በየሱቁ ምናየው ሳይክል ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ፈጣን የሆነበት ምክንያት ሰውየው ጋደም ሲል ነፋስ ሚመታው የሰውነት ክፍል ስለሚያንስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ቶድ ራይከርት አሜሪካ ኔቫዳ ውስጥ ሙሉ በሙሉ በተሸፈነ እንዲህ ባለ ሳይክል በሰአት 144.17 ኪሎሜትር ሄዷል፣ ያለ ሞተር፣ በእግሩ ብቻ።

ለኛ ግን ፍጥነቱ አይደለም ዋናው። ወገቡን ሚያመው፣ እጁ አንጓ ላይ ሚደነዝዘው፣ ሚዛን መጠበቅ ያቃተው ሽማግሌ ሁሉ ባለ ሶስት ጎማውን መንዳት ይችላል።

ባለ ሁለት ጎማው ለመስራት ይቀላል፣ ለመንዳት ግን ልምምድ ይፈልጋል። ባለ ሶስት ጎማው ሁለት አይነት ነው። ሁለቱ ጎማ ከኋላ የሆነው እግራቸው የተጎዳ ሰዎች በእጃቸው እያሽከረከሩ ሚሄዱበትን ይመስላል፣ የፊቱን ክፍል ከነመሪው ካንድ ሳይክል እንዳለ ትወስዳለህ፣ ችግሩ ወንበሩ ከፍ ካለ በፍጥነት ስትታጠፍ መገልበጥ ይወዳል። ሁለቱ ጎማ ከፊት የሆነው መሬቱን ቆንጥጦ ነው ሚይዘው፣ ግን መሪውን መስራት ጭንቅላት ይፈልጋል።

ዋናው አካል ብዙ ጊዜ 40 በ40 ሚሊሜትር ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ አራት ማእዘን ብረት) ነው፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊሜትር ቢሆን ይበቃል። ካሮጌው ሳይክል ሚፈለገው ፔዳሉ ሚዞርበት ቤት ከቁራጭ ቧንቧው ጋር፣ መሪው ሚዞርበት ቧንቧ ከነኩሽኔታው (ከፊት ሁለት ጎማ ከሆነ ከሁለት ሳይክል)፣ እና የኋላው ሶስት ማእዘን ከነጎማውና ከነማርሹ ነው። የፔዳሉን ቤት ስትፈታ ባብዛኛው ሳይክል በካቴናው በኩል ያለው ክዳን ጥርሱ ግራ ስለሆነ ወደ ቀኝ ነው ሚፈታው፣ ይሄን ያላወቀ ሰው በመዶሻ ይሰብረዋል። ብየዳ ላይ ደሞ የሳይክል ቧንቧ ከበር ብረት በጣም ስስ ነው፣ በያጁ በለመደው ሀይል ከነካው ይበሳዋል፣ ስለዚ ቀጭን ኤሌክትሮድ በትንሽ አምፔር ወይም በጋዝ በነሀስ ቢሆን ይመረጣል። ቀለሙን እስከ ነጩ ብረት ፍቆ ማንሳት፣ ዚንክ የተቀባ ቧንቧ ከሆነ ደሞ ጭሱ መርዝ ስለሆነ ጭራሽ አለመጠቀም ነው ሚሻለው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር፣ ብዙ ሰው የሰራው ነገር በወሩ ሚበላሸው እዚህ ጋ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። ሳይክል ሲታጠፍ ያዘነብላል፣ ስለዚ ጎማው ላይ ሚመጣው ሀይል ከላይ ወደታች ነው። ባለ ሶስት ጎማ አያዘነብልም፣ ሀይሉ ጎማውን ከጎን ነው ሚገፋው፣ ትልቅ ጎማ ከሆነ ቸርኬው ይጣመማል፣ ለዛ ነው ከፊት የልጆች ሳይክል ባለ 20 ኢንች ጎማ ሚደረገው። አክሱሉም ሌላ ጣጣ አለው፣ መደበኛው ሳይክል ላይ በሁለት በኩል ነው ሚያዘው፣ እዚህ ግን ካንድ ጎን ብቻ ስለሆነ የሳይክሉ ቀጭን አክሱል ይታጠፋል ወይ ይበጠሳል። መፍትሄው 12 ሚሊሜትርና ከዛ በላይ ጠንካራ ቡሎን ሚገባበት ኩሽኔታ ማስገባት ወይም የዊልቸር ጎማ መጠቀም፣ ካልሆነ ደሞ ሙሉውን የሳይክል ፎርክ (ጎማውን በሁለት በኩል ሚይዘውን ሹካ) በግራና በቀኝ መበየድ ነው፣ እሱ ከበድ ይላል ግን ቶርኖ ቤት መሄድ አያስፈልገውም።

ሁለት ጎማ ከፊት ያለው መሪ ላይ ሁለት ነገር በክርና በሽቦ ይለካል። አንደኛ፣ ከፊት ጎማው መዞሪያ እስከ ኋላው አክሱል መሀል ክር ትወጥራለህ፣ ጎማውን ሚያዞረው የመሪው ክንድ ጫፉ እዛ ክር ላይ መዋል አለበት፣ ምክንያቱም ስትታጠፍ የውስጠኛው ጎማ ከውጪኛው የበለጠ መዞር አለበት፣ ካልሆነ አንዱ እየተጎተተ ጎማ ይበላል። ሁለተኛ፣ መዞሪያው ቧንቧ ትንሽ አዘንብሎ ይበየዳል፣ በመሀሉ ቀጥ ያለ ሽቦ ብታስገባ ሽቦው መሬት ሚነካው ጎማው መሬት በሚነካበት ቦታ መሆን አለበት። ይሄ ከተሳተ አንዱን ፍሬን ስትይዝ መሪው ካጅህ ይጠመዘዛል። ሁለቱም የፊት ጎማዎች የየራሳቸው ፍሬን ሊኖራቸው ይገባል፣ ክብደቱ በብዛት እነሱ ላይ ስለሆነ።

ካቴናው ሩቅ ስለሚሄድ ሶስት ያህል ካቴና ይቀጠላል፣ መሀል ላይ በኩሽኔታ ሚዞር ትንሽ ጎማ ያስፈልገዋል፣ ሱሪ እንዳይበላም በፕላስቲክ ቱቦ ይሸፈናል። ለወንበር እኔ ምመርጠው እንደ ጠፍር አልጋ ተደርጎ የተጠለፈ ነው፣ በቆዳ ወይ በጠንካራ ጨርቅ፣ በባህርዳር ሙቀት ጀርባ አየር ያገኛል። ላሜራ ያቃጥላል።

ከተማው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ከባህር ጠረፍ በ15 በመቶ ያህል ይሳሳል፣ ለነጂ ትንሽ ጥቅም ነው፣ ሲያለከልክ ደሞ ትንሽ ጉዳት። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ግን ቆመህ ፔዳል መርገጥ ስለማትችል ከፊት ትንሽ ማርሽ፣ ከኋላ ትልቅ ማርሽ ካልገባ እየገፋህ ነው ምትወጣው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትሩ አዲሱ የአባይ ድልድይ የሳይክል መስመር ስላለው ለመሞከር ይመቻል፣ ባጃጅ በሚበዛበት መንገድ ግን ዝቅ ያለ ነገር ለከባድ መኪና ሹፌር አይታይም፣ ስለዚ ረጅም ዘንግ ላይ ደማቅ ባንዲራ፣ ለማታ ደሞ ከኋላ መብራት የግድ ነው። ክረምት ላይ ከፊት ጎማዎቹ ሚፈናጠቀው ጭቃ ፊትህ ላይ ነው ሚያርፈው፣ ጭቃ መከላከያ ሳይገጠምለት ሰኔ መግባት የለበትም።

ቀለም ከመቀባቱ በፊት ባዶ ሜዳ ላይ ሰው ጭኖ፣ ፍሬን በሀይል እየያዙ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያጠፉ ለተወሰኑ ቀናት መንዳት ያስፈልጋል፣ ከወንበሩ ስር ያለውና የፊቱ አግዳሚ ሚገናኝበት ብየዳ ላይ ፀጉር ሚያህል ስንጥቅ ካለ በባዶው ብረት ላይ ቶሎ ይታያል፣ ቀለም ከተቀባ በኋላ ግን ይደበቃል።