ኦርጋኒክ እርሻ ምንድን ነው?

ደሴ ገበያ እንቁላል ስትገዙ መጀመሪያ የምትጠይቁት «የሐበሻ ነው የፈረንጅ?» ብላችሁ ነው። የሐበሻው ይወደዳል። ለምን ብትሉ ሻጯ «ኦርጋኒክ ነዋ!» ትላለች። እኔም አምኜ እከፍላለሁ፤ ቃሉ ግን ከዚህ ጠበቅ ያለ ነው።

ኦርጋኒክ እርሻ ደንብ ያለው አሠራር ነው። የፋብሪካ ናይትሮጅን ማዳበሪያ፣ ሰው ሠራሽ ፀረ ተባይና ፀረ አረም፣ ዘረመሉ የተለወጠ ዘር አይገባበትም። መሬቱ የሚመገበው ፍግና ኮምፖስት ነው፤ ባቄላና ምስርም ከእህል ጋር ይፈራረቁበታል። በእኛም አገር በ1998 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 488 ወጥቶለታል። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ደግሞ እንደ ስንዴ ያለ ሰብል የሚዘራበት ማሳ ኬሚካል ከተወ በኋላ 2 ዓመት መቆየት አለበት።

እንግዲህ ዩሪያ መግዣ ያጣ የወሎ ገበሬ ኦርጋኒክ አምራች ነው አይባልም፤ አጥቶ ነው። ፍጉ እንኳ ማሳ ሳይደርስ ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል። ከኮምቦልቻ ዝቅ ብሎ በቦርከና ውኃ የሚለማው ጎመንም ቅንጣት ማዳበሪያ ባይነካው፣ ወንዙ የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ ይዞ ነው የሚወርደው።

ሌላው መንገድ ኢንቴንሲቭ የሚባለው ነው፤ በማዳበሪያ፣ በምርጥ ዘርና በመድኃኒት ከጠባብ መሬት ብዙ ማምረት። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። ያንኑ ከእርጥብ ፍግ ላግኝ ያለ ሰው ብዙ ቶን በአህያ ሲያመላልስ ይከርማል። ስሪላንካ በ2021 እ.ኤ.አ. የኬሚካል ማዳበሪያ በድንገት ብትከለክል የሩዝ ምርቷ አሽቆለቆለ፤ በወራት ውስጥ እገዳውን ለማንሳት ተገደደች።

የሥነ ምግባሩ ክርክር ግን እንቁላሉ ላይ ይብሳል። አውሮፓ በ2012 እ.ኤ.አ. የከለከለችው ጠባብ የዶሮ ሳጥን ለአንዲት ዶሮ የሚሰጣት ቦታ ከአንድ የደብተር ሉክ ብዙም አይሰፋም ነበር። በኦርጋኒክ ደንብ ለእያንዳንዷ 4 ካሬ ሜትር የውጭ መንጎራደጃ ይገባታል። የእኛዋ ደግሞ እንዳሻት ጭራ ትበላለች፤ ጫጩቶቿን ግን ጭልፊትና ፈንግል ይጨርሱባታል፣ በዓመትም 60 ገደማ ብትጥል ነው። የፈረንጇ ከ250 በላይ ትጥላለች። ደመወዝ ለማይበቃው የልጆች አባት ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ባለፈው ሻጯን «ዶሮዋ ምን በልታ፣ የት ውላ ነው?» አልኋት።

«ወንድሜ፣ እኔ አብሬያት አልዋልሁ!»