በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል፦ ስለ ተረቱና ስለ አንድ ቀይ ፈርጥ

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል።» ይህ አባባል ብዙ ጊዜ የሚሰማው ሽምግልና ላይ ነው። ባል የሚስቱ ድካም አልታይ ሲለው፣ ወይም ሚስት የባሏን ደግነት ስትረሳ፣ አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ ያመጣዋል። መሥሪያ ቤት ውስጥም ይሠራል። አለቃው የቆየ ሠራተኛውን ገሸሽ አድርጎ ከውጭ ሰው ሲያፈላልግ ከዚህ የተሻለ የሚገልጸው ቃል አይገኝም። ትርጉሙ አጭር ነው፤ ሰው የለመደውንና የራሱ የሆነውን ነገር ያቃልላል። ወርቁ ግን ምንም አልሆነም።

አንዳንድ ሰው ይህን ተረት «የሚያብረቀርቅ ሁሉ ወርቅ አይደለም» ከሚለው ጋር ያምታታዋል። አንድ ላይ መሄዳቸው ልክ አይመስለኝም። ያኛው ርካሹን ውድ ነው ብለን እንዳንሸወድ ይመክራል። ይኼኛው የሚያዝነው ውዱን ስለምናረክሰው ነው። የሥጋ ዘመዱ «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» የሚለው ነው። ጠበሉ ሩቅ ቢሆን ሰው ስንቅ ቋጥሮ፣ በእግሩ ተጉዞ ይሄድለት ነበር። ደጅ ላይ ስለፈለቀ ልጥ ማርጠቢያ ሆነ።

እንደ አብዛኛው ተረታችን የዚህም ባለቤት ሕዝቡ ነው። ግን ለምን መዳብ? ለምን ብረት ወይም ድንጋይ አላለም? መልሱ የሁለቱ ደረጃ ላይ ያለ ይመስለኛል። አክሱም ከንጉሥ እንዱቢስ ዘመን ጀምራ፣ ማለትም ከ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ አንስቶ፣ በወርቅና በብር፣ ቀጥሎም በመዳብ ገንዘብ ትሠራ ነበር። ወርቁ ለትልልቅና ለሩቅ ንግድ ነበር። መዳቡ ለዕለት ገበያ። ተረቱ ከአክሱም ዘመን ነው ማለቴ አይደለም። ወርቅ ከላይ፣ መዳብ ከታች የሚለው አሰላለፍ ግን በዚህ አገር በጣም የቆየ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ሁለቱ ይቀራረባሉ። ባለ 18 ካራት ቀለበት 75 በመቶው ብቻ ነው ወርቅ። ቀሪው አብዛኛውን ጊዜ መዳብና ብር ነው፤ ወርቅ ብቻውን ለስላሳ ስለሆነ እንዲጠነክር ይቀላቀልበታል። ለማያስተውል ሰው አንዱን በሌላው መሳሳት ቀላል ነው።

ሽማግሌ ለባል ሲመክር ተረቱን ብቻውን አይተወውም፤ አንዳንዴ ምሳሌ 31፥10ን ያስከትልበታል። ልባም ሴት «ዋጋዋ ከቀይ ዕንቁ እጅግ ይበልጣል» የሚለውን። ይህን ተረት ባነሳሁ ቁጥር እኔንም ትዝ የሚለኝ አንድ ቀይ ዕንቁ ነው። አልማንዲን ይባላል። ከአልማዝ ጋር ዝምድና የለውም፤ ጋርኔት ከሚባለው የዕንቁ ቤተሰብ ነው።

ፒያሳን አስቡ። በ2016 ዓ.ም. ብዙ ቦታዋ ፈርሶ መልኳ ተቀይሯል፤ ያኔ ስንቶቻችን ነን በየቀኑ ስናልፍባት ቀና ብለን አይተናት የማናውቀውን ፒያሳ ማልቀስ የጀመርነው። ወርቅ ሲባል ግን የአዲስ አበባ ሰው ልብ አሁንም ወደዚያው ይሄዳል። ወርቅ ቤት የአያት ቀለበት ሊሸጥ ሲመጣ ሚዛኑ የሚፈልገው ወርቁን ነው። ፈርጡ ይወልቃል። «ድንጋዩንስ እማማ?» «ምን ያደርግልኛል ልጄ።» እዚያው ይቀራል። እርግጥ ብዙው ቀይ ፈርጥ ብርጭቆ ወይም ሰው ሠራሽ ነው። ሁሉም ግን አይደለም።

አልማንዲን የሚፈጠረው ሸክላ የበዛበት አለት ወደ ምድር ጥልቅ ወርዶ በሙቀትና በግፊት ሲለወጥ ነው። ውስጡ ብረት አለ፤ ያን ጥልቅ ቀይ የሚሰጠውም ይኸው ብረት ነው። ስሙን ያገኘው በዛሬዋ ቱርክ ከነበረችው ከአላባንዳ ከተማ ነው። ሕንድ፣ ስሪ ላንካ፣ ማዳጋስካርና ብራዚል ውስጥ በብዛት አለ። በእኛም አገር፣ በአዶላ አካባቢና በምዕራብ ባሉት ጥንታዊ አለቶች ውስጥ ጋርኔት ይገኛል።

መርገምቱም ይኸው መብዛቱ ነው። አሜሪካ ኒው ዮርክ ውስጥ በጎር ተራራ ከ1878 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አልማንዲን የበዛበት ጋርኔት ሲቆፈር የኖረው እንጨት ማለስለሻ ወረቀት ላይ ለመለጠፍ ነው። ዛሬም የጋርኔት አሸዋ ከውኃ ጋር በኃይል እየተረጨ ብረት ይቆርጣል። ስለበዛ ረከሰ እንጂ ጉድለት ተገኝቶበት አይደለም። እንዲያውም ውዱ ቀይ ዕንቁ ሩቢ አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙ እንዲያምር በሙቀት ይታከማል። አልማንዲን ግን በተለምዶ ከመሬት እንደወጣ ተጠርቦ ነው የሚሸጠው። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ታዲያ ለምን አይወደድም? ጨለማ ስለሆነ። በጥላ ስታዩት ጥቁር ይመስላል። መስኮት አጠገብ ብርሃን ሲያልፍበት ግን የበሰለ ሮማን ፍሬ ይመስላል፤ አንዳንዱም ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። የጥንት ጠራቢዎች ይህን ያውቁ ነበር። ብርሃን እንዲያሳልፍ ከጀርባው ይቦረቡሩታል፣ ወይም በስሱ ይሰነጥቁታል። እ.ኤ.አ. በ1939 እንግሊዝ አገር ሳተን ሁ በተባለ ቦታ ከአንድ መቃብር የወጡት የ7ኛው ክፍለ ዘመን ጌጦች እንዲህ የተሠሩ ናቸው። ስስ የጋርኔት ቁራጮች፣ ከሥራቸው ጥለት የወጣለት የወርቅ ገጽ። ብርሃኑ ድንጋዩን አልፎ ወርቁን ነክቶ ቀይ ሆኖ ይመለሳል። እዚያ ወርቁ ለድንጋዩ ያገለግል ነበር፤ የእኛ ሚዛን ላይ ድንጋዩ ከወርቁ ላይ ተፍቆ የሚጣል ትርፍ ነው።

ቤታችሁ ቀይ ፈርጥ ያለበት የቆየ ቀለበት ካለ ከመሸጣችሁ በፊት አጉሊ መነጽር ላለው ዕንቁ አዋቂ አሳዩት። ጠንካራ የኒዮዲሚየም ማግኔት ያለው ሰው ካለ አንድ ፍንጭ ይሰጣችኋል። ፈርጡ ወልቆ በሚንሳፈፍ ነገር ላይ ውኃ ውስጥ ሲቀመጥ፣ አልማንዲን ከሆነ በብረቱ ምክንያት ወደ ማግኔቱ ይሳባል። ሩቢም ተራ ቀይ ብርጭቆም እንዲህ አይሳቡም። ይህ ግን ፍንጭ ብቻ ነው፤ የመጨረሻውን ቃል ባለሙያው ይናገር።

ጥንካሬው የማዕድናትን ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በሚያስቀምጠው በሞስ መለኪያ ከ7 እስከ 7.5 ነው፤ ለዘወትር ይሆናል። ሩቢ 9 ስለሆነ አንድ ሳጥን ውስጥ ከሱ ጋር አታስቀምጡት፣ ይጭረዋል። የሚፈራው ድንገተኛ ሙቀት ነው። ቀለበቱን ልታሰፉ ወይም ልታስጠግኑ ከሄዳችሁ፣ ወርቅ ሠሪው እሳት ከማስነካቱ በፊት ፈርጡን አውልቆ በወረቀት ጠቅልሎ እንዲሰጣችሁ ንገሩት።