አሮጌ አስፋልትን መልሶ ለመንገድ ጥገና መጠቀም

ከመንገድ ላይ ተፍቆ የተነሳ አስፋልት (በሙያው ራፕ ይሉታል) ሲያዩት ፍርስራሽ ነው፣ ግን ከክብደቱ 5 በመቶ ገደማ ሬንጅ ነው፣ ጠጠሩም አንዴ ተፈጭቶ ተነፍቶ ዋጋ የተከፈለበት ነው። ይህን መልሶ መጠቀም አሜሪካ ውስጥ በ1915 ተጀመረ የሚሉ አሉ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የምር የተስፋፋው ከ1973ቱ የነዳጅ ማዕቀብ በኋላ ነው፣ ሬንጅ ከድፍድፍ ነዳጅ ስለሚወጣ ዋጋው አብሮ ናረ። አሁን እዛ በሚመረተው አዲስ አስፋልት ውስጥ በአማካይ 20 በመቶ ያህሉ አሮጌ ነው።

አሮጌው ፋብሪካ ሲገባ ነበልባል እንዲነካው አይፈለግም፣ ሬንጁ ይቃጠላል። ስለዚህ አዲሱን ጠጠር ከልክ በላይ ያግሉትና በሱ ሙቀት አሮጌው ይቀልጣል፣ ክምሩ ዝናብ ከጠጣ ደሞ ነዳጁ ውሃ ማድረቂያ ሆኖ ይቀራል። ዋናው ችግር ግን ያረጀ ሬንጅ ድርቅ ማለቱ ነው፣ በብዛት ከገባ መንገዱ ቶሎ ይሰነጠቃል። እስከ 15 በመቶ ምንም ሳይቀየር ይሄዳል፣ ከዛ በላይ ለስለስ ያለ ሬንጅ ይጨመርበታል።

ስለዚህ ነገር ሲነሳ እኛን አሜሪካ ቨርጂኒያ የምንኖረውን የሚያኮራው ኢንተርስቴት 81 የሚባለው አውራ ጎዳና ነው፣ ትራክ የሚነዱ አበሾች በደንብ ያውቁታል። በ2011 ስታንተን ከተማ አካባቢ ወደ ደቡብ የሚወስደው 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲታደስ ሦስት ዘዴ ባንዴ ተሠራበት። ትራክ የሚበዛበት የቀኙ መስመር አስፋልቱ ተፍቆ ተነሳ፣ ከሥሩ ያለው አፈርና ጠጠር እዛው ባለበት ከማጠንከሪያ ዱቄት ጋር ተቦካ፣ የተፋቀው ደሞ ቅርብ ቦታ በተተከለ ማሽን በፎም ሬንጅ ተለውሶ ተመልሶ ተነጠፈ። ፎም የሚሉት ትኩስ ሬንጅ ላይ ትንሽ ውሃ ሲረጩበት እንደ ፈላ ወተት ገንፍሎ የሚነሳውን ነው፣ በዚህ ጊዜ የቀዘቀዘውን ጠጠር ሳይሞቅ ይይዘዋል። የግራው መስመር ግን የትም ሳይጫን ማሽኑ እየፈጨ እየለወሰ እዛው አነጠፈው፣ ከላይ ሁለቱም አዲስ ትኩስ አስፋልት ለበሱ። አይበረክትም ያሉ ነበሩ፣ ግን ተመሳሳይ ውህድ ከ2012 ጀምሮ አላባማ ባለው የኦበርን ዩኒቨርሲቲ የመንገድ መሞከሪያ ላይ ከባድ የጭነት መኪና ተመላልሶበት ጥሩ ውጤት አሳይቷል።

ጀርመንና ጃፓንም በሰፊው ይጠቀማሉ።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ ሬንጁ በዶላር ተገዝቶ ከውጭ ስለሚገባ ስሌቱ እንደውም ከአሜሪካ የበለጠ ያዋጣል ብዬ ነው የማስበው። ፎም የሚሠራ ማሽን ውድ ነው፣ ግን ተፍቆ የተነሳውን ለመንገድ ትከሻና አቧራ ለሚያስቸግር የውስጥ ለውስጥ መንገድ ረጭቶ በሮለር ለመጠቅጠቅ ያን ያህል ማሽን አይጠይቅም፣ ፀሐይ ሲመታው የቀረው ሬንጅ ትንሽ ይያያዛል።