ተጫኝ ቁልፍ ምንድን ነው? ለምንስ ይነቀላል?

ተጫኝ ቁልፍ በጣት ሲጫኑት «ጠቅ» ብሎ የሚዘጋ፣ ሲስቡት የሚከፈት የልብስና የቦርሳ መዝጊያ ነው። የቁልፍ ቀዳዳ መስፋት አይጠይቅም፤ በአንድ እጅም ይሠራል። ጃኬት፣ የሕፃናት ልብስ፣ የቦርሳ ክዳን እና የገንዘብ ቦርሳ ላይ የሚበዛው ለዚህ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ሄሪበርት ባወር እ.ኤ.አ. በ1885 ለወንዶች ሱሪ መዝጊያ ብሎ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ፈረንሳዊው አልበር ፒየር ሬሞን በጓንት ሥራ በምትታወቀው ግሬኖብል ለጓንት የሚሆነውን አወጣ።

ሲዘጋ አንድ ዕቃ ቢመስልም በመዶሻ ወይም በመጫኛ የሚገጠመው ዓይነት አራት ክፍል አለው። በላይኛው ጨርቅ ላይ ክዳኑና ሴቴው (ተቀባዩ ጎድጓዳ ክፍል)፣ በታችኛው ላይ ወንዴው (ወደ ሴቴው የሚገባው ጉብ ያለ ክፍል) እና የኋላ ማሰሪያው ይሆናሉ። ክዳኑ ከውጭ የሚታየው ክብ ፊት ሲሆን ከጀርባው እንደ ቱቦ ክፍት የሆነ እግር አለው። እግሩ ጨርቁን አልፎ በሴቴው መሃል ይገባል፤ ሲመታ ጫፉ ወደ ውጭ ተገልብጦ ጨርቁን በሁለቱ መካከል ጨምቆ ይይዛል። የወንዴው ጎንም የሚታሰረው በዚሁ መንገድ ነው።

መያዣው ኃይል ያለው ሴቴው ውስጥ ባለው ሞላ ነው። የወንዴው ራስ ጉብ ያለ ነው፣ ከሥሩም ቀጠን ያለ አንገት አለው። ሲጫኑት ራሱ ሞላውን ገፍቶ ያልፋል፣ ሞላው ተመልሶ አንገቱ ላይ ይቀመጣል። ሞላው ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ከሆነ በቀላሉ ይከፈታል፤ ለሸሚዝና ለትናንሽ ቦርሳዎች ይበቃል። ቀለበት የሚመስል ሞላ ያለው ግን ጠንከር ብሎ ስለሚይዝ ለወፍራም ካፖርት፣ ለቆዳ እና ዕቃ ለሚሸከም ቦርሳ ይመረጣል። ሁለቱም ወደ ጎን ሲጎተቱ አጥብቀው ይይዛሉ፤ ከጠርዝ በኩል ወደ ላይ ሲላጡ ግን ቶሎ ይለቃሉ። ስለዚህ የቦርሳ ክዳን ላይ ቁልፉ የሚቀመጥበት ቦታ ሲመረጥ፣ ቦርሳው ሲሞላ ጭነቱ ክዳኑን ወደ ላይ የሚያነሣው ሳይሆን ወደ ጎን የሚጎትተው መሆን አለበት።

መጠኑ ብዙ ጊዜ በ«ላይን» ይነገራል፤ 40 ላይን አንድ ኢንች፣ ማለትም 25.4 ሚሊሜትር ነው። ላይን 20 ወደ 12.7፣ ላይን 24 ደግሞ ወደ 15 ሚሊሜትር ስፋት አለው ማለት ነው። ገዢው ብዙውን ጊዜ ይህን ስፋትና ቀለሙን ብቻ አይቶ ይመርጣል። ቁልፉ እንዲነቀል ወይም እንዲጸና የሚወስነው ግን የእግሩ ርዝመት ነው።

ጨርቁን ገበሩንና ማጠንከሪያውን ጨምሮ ጨምቀው ይለኩት። እግሩ ጨርቁን ካለፈ በኋላ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ያህል ብቅ ማለት አለበት። ከዚያ ካጠረ ጫፉ የሚገለበጥበት ቦታ አያገኝም፤ ለጊዜው የያዘ ይመስላል፣ በጥቂት መክፈትና መዝጋት ይወልቃል። ከረዘመ ደግሞ ከመገለበጥ ይልቅ ይታጠፋል፤ ቁልፉ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ይላል፣ ወንዴና ሴቴው ፊት ለፊት አይገጣጠሙም። በስስ ጨርቅ ላይ ረጅም እግር ብቻ ካለ፣ ከውስጥ በኩል ክብ የቆዳ ወይም የወፍራም ጨርቅ ቁራጭ መጨመር ይሻላል። ለወፍራም ቆዳ ግን ቁልፉ የሚያርፍበትን ቦታ ብቻ ከጀርባ ማሳሳት ይቻላል።

ለመግጠም መጀመሪያ ቦታውን ምልክት ያድርጉ። ቀዳዳው እግሩን ጠበቅ አድርጎ የሚያሳልፍ ይሁን፤ ከሰፋ ጨርቁ ከሥሩ እየሾለከ ይወጣል። በቆዳ ላይ በመብሻ ክብ ቀዳዳ ይወጣል። በተሸመነ ጨርቅ ላይ ግን ክሩን ከመቁረጥ በወስፌ ገለል ማድረግ ይመረጣል። ከዚያ ክዳኑን ፊቱን ወደ ታች አድርገው ጎድጎድ ባለው መቀመጫ ላይ ያኑሩት፣ ጨርቁን ከነቀዳዳው ያልብሱት፣ ሴቴውን ይድፉበት፣ መምቻውን ቀጥ አድርገው ይዘው በመዶሻ ሁለት ሦስት ጊዜ ይምቱ። አንድ ከባድ ምት እግሩን ያጣምማል፤ መጠነኛ ምት ተደጋግሞ ቢያርፍ ይሻላል። ሥራው የሚደረገው በጠንካራ ነገር ላይ ነው፤ የሚርገበገብ ጠረጴዛ የምቱን ኃይል ይውጠዋል።

ሲያበቃ ሴቴውን በጣት ለማዞር ይሞክሩ። ከዞረ ገና ነው፣ ትንሽ ይጨመርለት። ጠርዙ ከተደፈጠጠ ወይም ሞላው ከተጣመመ ደግሞ ከመጠን በላይ ተመቷል፤ ይህ አይታረም፣ አውጥቶ በሌላ መተካት ነው። የወንዴው ቦታ በልኬት ብቻ ሳይሆን በተገጠመው ሴቴ ቢወሰን ስሕተት ይቀንሳል፤ ሴቴውን ጠመኔ አስነክተው በታችኛው ጨርቅ ላይ ሲጫኑት ትክክለኛውን ቦታ ያትማል። ከመምታቱ በፊት ልብሱን እንደሚዘጋ አድርጎ አጥፎ ማየት ደግሞ ወንዴውን በተሳሳተ ፊት ከመግጠም ያድናል። ይህ ስሕተት ከሚታሰበው በላይ የተለመደ ነው።

ለሚለጠጥ ጨርቅና ለሕፃናት ልብስ ጥርስ ያለው ቀለበት የሚጠቀመው ዓይነት ይበልጣል። ጥርሶቹ በክሮቹ መካከል ስለሚያልፉ ጨርቁ አይበሳም። ከበስተጀርባው ግን በካውያ የሚጣበቅ ማጠንከሪያ ሊኖር ይገባል፤ ያለ እሱ ልብሱ ሲከፈት ቁልፉ ጨርቁን ቀዶ ይወጣል። የተነቀለ ቁልፍ ሕፃን አፍ ውስጥ ሊገባ ስለሚችል እዚህ ላይ መቆጠብ አይገባም። ለቆዳ የሚቀርብ ብረት ከሆነ ኒኬልም ይታሰብበት፤ የሚያሳክካቸው ሰዎች አሉ፣ የአውሮፓ ኅብረትም ቆዳን ለረጅም ጊዜ ከሚነካ ዕቃ የሚለቀቀውን ኒኬል በሳምንት በካሬ ሴንቲሜትር በ0.5 ማይክሮግራም ገድቧል።

የፕላስቲኩ ዓይነት አይዝግም፣ ቀላልም ነው፤ ጠላቱ ካውያ ነው። ብዙዎቹ የሚሠሩበት ፖሊአሴታል የተባለ ፕላስቲክ ከ165 እስከ 175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይቀልጣል፣ ለጥጥ የሚጋል ካውያ ደግሞ እስከ 200 ይደርሳል።

በመርፌ የሚሰፋው ሁለት ክፍል ብቻ አለው። ወንዴው ከላይኛው ጨርቅ በውስጥ በኩል፣ ሴቴው ከታችኛው ጨርቅ በውጭ በኩል ይሰፋል፤ ክዳን ካለው ዓይነት ጋር ሲነጻጸር ተቃራኒ ነው። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሦስት ወይም አራት ስፌት ይበቃል። መርፌው የውስጡን ጨርቅ ብቻ ይያዝ፣ ክሩ በፊት በኩል እንዳይታይ።

ከጊዜ በኋላ የላላ የሚሰፋ ቁልፍ ካለ የወንዴውን ራስ በትንሽ መዶሻ በስሱ መታ ማድረግ ትንሽ ያሰፋዋል። በጣም የጠበቀውን ደግሞ የእርሳስ ጫፍ ወይም ሰም ራሱ ላይ ማሸት ያለዝበዋል። የሚመታውን ዓይነት ለማውጣት ጨርቁን አይጎትቱ፤ የተገለበጠውን የእግር ጫፍ በመቁረጫ ፒንሳ ከዙሪያው እየቆነጠሩ ይስበሩት። ቀዳዳው ከሰፋ በዚያው ቦታ ሌላ ከመምታት በፊት ከጀርባ ጨርቅ ጨምረው ይስፉበት።