«ጠብታው ዓይኔን አቀላው፣ ተውኩት»

የምሠራው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለች ትንሽ ፋርማሲ ውስጥ ነው። ሳምንት አያልፍም፣ አንዱ መጥቶ የዓይኑን ቆብ በጣቱ ይጎትትና «ዶክተር፣ ተመልከት፣ ደም መሰለ። አልተስማማኝም፣ ተውኩት» ይለኛል። (ፋርማሲስት ነኝ ብል የሚሰማኝ የለም።) እኔን የሚያበሽቀኝ ቅላቱ ሳይሆን ያቺ «ተውኩት» ናት።

ለግላኮማ፣ ማለትም ብዙ ጊዜ ከዓይን ውስጥ ግፊት መጨመር ጋር ለሚመጣውና የዓይንን ነርቭ ለሚጎዳው በሽታ፣ በብዛት ከሚታዘዙት ጠብታዎች አንዱ ላታኖፕሮስት ነው። ዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ በደንብ እንዲወጣ ያደርጋል፣ ግፊቱም ይወርዳል። እግረ መንገዱን ላይ ላዩን ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያሰፋል። ቅላቱ ይኼው ነው። ደም እየፈሰሰ አይደለም፣ ዓይኑም አልተበላሸም። አብዛኛው ሰው ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይበረታል፣ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል። ማታ ሊተኙ ሲሉ ቢያደርጉት ደግሞ የቅላቱ ብርቱ ሰዓት በእንቅልፍ ያልፋል።

ከቱሉ ዲምቱ የሚመጡ አንድ አባባ አሉ። ጎረቤታቸው «አረቄ ጀመሩ እንዴ?» ቢላቸው አፈሩና ጠብታውን ጣሉት። ከዚያ ከአንድ ቦታ ያለ ማዘዣ ዴክሳሜታዞን የሚባል የዓይን ጠብታ ገዙ። በሦስት ቀን ዓይናቸው ነጭ ሆነ። ደስ ብሏቸው ለወራት ቀጠሉበት። ዴክሳሜታዞን ስቴሮይድ ነው፤ ቅላትና እብጠት ያጠፋል፣ ግን ራሱ የዓይን ግፊት ይጨምራል! ግላኮማ ላለበት ሰው እሳት ላይ ቤንዚን ማለት ነው። በስንት ጉትጎታ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ግፊቱ 34 ሆኖ ተገኘ። የተለመደው ከ10 እስከ 21 ነው። ያን ቀን የፋርማሲያችንን ደረጃ ስተው ሊወድቁ ሲሉ ክንዳቸውን ይዤ ነው ያስገባኋቸው።

ከደንበኞቼ የምሰማው ሌላም አለ። «ሞራ ነው፣ ሲበስል ይገፈፋል።» ሞራ ሌላ ነው። ሞራ በኦፕራሲዮን ይወጣል፣ ማየትም ይመለሳል። ግላኮማ የሚጎዳው የዓይንን ነርቭ ስለሆነ የሄደው አይመለስም።

«አያመኝም፣ ድኛለሁ።» ግላኮማ አብዛኛውን ጊዜ ድሮም አያምም።

«ሁለት ሦስት ጠብታ ይሻላል።» ዓይን አንዷንም በቅጡ አይዝም። ትርፉ ጉንጭ ላይ ይፈሳል፣ ገንዘባችሁም አብሮ።

ቅላት ሁሉ ግን ዝም አይባልም። ብሪሞኒዲን የሚባለው የግላኮማ ጠብታ ከወራት በኋላ እንኳ አለርጂ ሊያመጣ ይችላል። ዓይኑ ከቀላ፣ ካሳከከና ቆቡ ካበጠ ሐኪሙ በሌላ ይለውጠው፣ እናንተ አትለውጡት። ድንገት ከባድ ሕመም፣ ብዥታ፣ አምፖል ዙሪያ ቀስተ ደመና ማየት፣ ማስታወክ ከመጣ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሩጡ። አስም ያለባችሁ ቲሞሎል የሚባለው ሌላ የግላኮማ ጠብታ ሲታዘዝላችሁ አፍ አውጥታችሁ ተናገሩ፤ የዓይን ጠብታ ነው ብላችሁ አትናቁት፣ ትንፋሽ ያሳጥራል።

ካደረጋችሁ በኋላ ዓይናችሁን ጨፍኑና በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ ለሁለት ደቂቃ ያህል ጫን አድርጉ። ቆዳ ላይ የፈሰሰውን ጥረጉ። ላታኖፕሮስት ቆቡን ሊያጠቁር፣ ሽፋሽፍትም ሊያስረዝም ይችላል። (ይቺን የሚጠሉ ሴቶች እስካሁን አላጋጠሙኝም።) ከተከፈተ አራት ሳምንት የሞላውን ላታኖፕሮስት ጣሉት።

አባባ ጠብታቸውን ቀጥለዋል። ብልቃጡ ላይ የተከፈተበትን ቀን በእስክሪብቶ እጽፍላቸዋለሁ። በስንት ሰዓት እንደሚያደርጉት ስጠይቃቸው «ከሁለት ሰዓቱ ዜና በኋላ፣ ልጄ» ይሉኛል። ጎረቤትየውን ምን እንዳሉት ግን እዚህ አልጽፈውም።