በአዳማ ከአንጋፋ ተዋንያን ጋር መገናኘት፦ ፊርማ፣ ፎቶና ፖስተር

አዳማ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ለተዋናይ ይህ ርቀት ምቹ ነው። ጠዋት ተነስቶ፣ ከሰዓት ሥራውን አቅርቦ፣ ማታ ቤቱ መግባት ይችላል። በ2006 ፈጣን መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ጉዞው ይበልጥ አጠረ። የአዳማ ሰው ከመድረክና ከስክሪን የሚያውቃቸውን ፊቶች በቅርብ ለማየት ከብዙ የክልል ከተሞች የተሻለ ዕድል ያገኘው በዚህ የተነሳ ነው። እንግዳ መቀበል የሚያውቅ ከተማ መሆኑም ረድቷል።

በአሜሪካ ከተዋናይ ጋር ተገናኝቶ ማስፈረም ራሱን የቻለ ገበያ ነው። ተዋናዩ ጠረጴዛ ይዞ ይቀመጣል፤ የድሮ ፎቶዎቹ ፊቱ ይደረደራሉ፤ አድናቂው ተሰልፎ፣ ከፍሎ ያስፈርማል። የኒው ጀርሲው የአድናቂዎች ዝግጅት፣ ቺለር ቲያትር፣ በዚህ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1970 የተጀመረው የሳን ዲያጎው ኮሚክ ኮን የተባለ የኮሚክና የፊልም አድናቂዎች ጉባኤም የፊርማ ቦታ አለው። እዚያ ብዙ ዓመት ከስክሪን የራቀ ተዋናይ በአንድ የድሮ ፊልም ብቻ ረጅም ሰልፍ ሊጠብቀው ይችላል። ገቢውም ለጡረታ ዘመኑ ድጋፍ ይሆነዋል። አዳማ ውስጥ ግን ልማዱ ሌላ መልክ አለው። መገናኛው የአዳራሽ በር፣ የሆቴል ግቢ፣ አንዳንዴም የሶደሬ መዝናኛ ነው።

መነሻው ቴአትር ነው። ሀገር ፍቅር በ1927 ተመሠረተ፤ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ተከፈተ። አንጋፋ የምንላቸው አብዛኞቹ ተዋንያን ከእነዚህ መድረኮች የወጡ ናቸው። በደርግ ዘመንም ቴአትር ብዙ ተመልካች ነበረው።

ፊልሙ ዘግይቶ መጣ። የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም በ1957 የወጣው «ሂሩት አባቷ ማነው» እንደሆነ በብዛት ይነገራል። ከአንጋፋዎቹ ውስጥ ስሙ ከውጭው የፊልም ገበያ ጋር የሚነሳው ደበበ እሸቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» በተሰኘ የአሜሪካ ፊልም ላይ ከመሪ ተዋናዩ ከሪቻርድ ራውንድትሪ ጋር ተውኗል። ፊልሙ በከፊል እዚሁ ኢትዮጵያ የተቀረጸ ነው። የዚያ ፊልም ፖስተር ዛሬ በውጭ ሰብሳቢዎች ዘንድ ይፈለጋል። እኛ ጋ ግን እንዲህ ያለ ወረቀት ከግድግዳ ተልጦ የሚጣል ነው፤ ያሳዝናል።

ለአዳማ ወርቃማው ጊዜ 1990ዎቹ መጨረሻና 2000ዎቹ ናቸው። የአማርኛ ፊልም በቪዲዮ መሠራት ጀመረ፤ ቁጥሩም በአንዴ ተመነደገ። ፊልሙ አዲስ አበባ ይመረቃል፣ ከዚያ ወደ ክፍለ ሀገር ይወጣል። ፖስተሩ በየአጥሩና በየስልክ እንጨቱ ይለጠፋል። ተዋንያኑ አብረው ከመጡ ወሬው ቀድሞ ይደርሳል፤ አዳራሹም ጢም ይላል። ፊልሙ ሳይጀምር መድረክ ላይ ወጥተው ሰላምታ ይሰጣሉ። ሲያልቅ በሩ ላይ ግፊያ ነው። ፊርማው በመግቢያ ትኬት፣ በደብተር ቅዳጅ፣ በኋላም በቪሲዲ ሽፋን ላይ ያርፋል። ብልጥ የሆነው ያልተለጠፈ ፖስተር ከአስተናባሪዎቹ ለምኖ ያስፈርማል። እንዲህ ያለው ፖስተር ሙጫ ስላልነካው ዛሬም ደህና ነው።

አጠራሩም የራሱ ወግ አለው። አንጋፋውን «ጋሼ»፣ አንጋፋዋን «እትዬ» ማለት የተለመደ ነው። ወጣቱ አድናቂ ግን ተዋናዩን ብዙ ጊዜ በገጸ ባሕሪው ስም ይጣራል። «ሰው ለሰው» የተሰኘው ተከታታይ ድራማ በቴሌቪዥን በሚታይበት ዘመን አበበ ባልቻ ለብዙ ሰው «አስናቀ» ነበር። ካሜራ ያለው ስልክ ሲስፋፋ ፊርማው ቀረና ሰልፊ ተተካ። በእኔ እምነት ይህ ኪሳራ ነው። ፎቶው ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ የተፈረመ ወረቀት ግን ለልጅ ይተላለፋል።

ለወረቀቱ ክብደት የሚሰጠው የአንጋፋዎቹ ትልቁ ሥራ መድረክ ላይ የተሠራ በመሆኑ ነው። ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ያነበበበት ድምፅ ተርፎልናል። የመድረክ ሥራዎች ግን አብዛኞቹ ሳይቀረጹ አልፈዋል። ማን ምን እንደተወነ፣ የት እንደታየ የሚመሰክሩት ፖስተር፣ ትኬትና ፎቶ ናቸው። አንጋፋው ተዋናይ ፍቃዱ ተክለማርያም በኩላሊት ሕመም ሲሰቃይ ሕዝቡ ለሕክምናው ገንዘብ አዋጣ። በሐምሌ 2010 አረፈ። እንደ አሜሪካው ለፊርማ መክፈል ነውር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ለአንጋፋው ግን ሲታመም ብቻ ከመድረስ፣ በጤናው ጊዜ በክብር መክፈል የተሻለ ነው። አዳማ ገልማ አባ ገዳን የመሰለ ትልቅ አዳራሽ አላት፤ ሆቴሎቿም የስብሰባ እንግዳ ለምደዋል። አንጋፋዎቹ ተከፍሏቸው የሚፈርሙበትን ዝግጅት ለመጀመር ከእሷ የተሻለ ከተማ የለም።

ፊርማ ያለው ሰው ከጀርባው ቀኑን፣ ቦታውንና የሥራውን ርዕስ በእርሳስ ይጻፍበት። የድሮ ፖስተር ላይ ከተማዋ «ናዝሬት» ተብላ ከተጻፈች ዕድሜውን ለመገመት ይረዳል፤ አዳማ የሚለው ስም በይፋ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ይሁን እንጂ የድሮው ስም ከዚያ በኋላም በሰው አፍ ስለቆየ ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ወረቀቱን ላሚኔት ማድረግ (በፕላስቲክ መለበጥ) አይመከርም፤ አንዴ ከተጣበቀ አይመለስም። የአዳማ ፀሐይም ቀለም ያደበዝዛል። ፍሬም የሚደረግ ከሆነ መስኮት የማያይ ግድግዳ ላይ ይሰቀል።